በከዘራው አንገት ላይ ሁለት ቃል

ጋሼ ኦጁሉ ማረፋቸውን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ለዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የማንጎ ቅጠል እየሳልኩ። የደወለልኝ ጎግ ወረዳ ውስጥ በግብርና ባለሙያነት የሚሠራ የድሮ ተማሪያችን ነበር። «ቲቸር፣ ሽማግሌው ቅዳሜ አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። እንዲያጽናናኝ እንኳ ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ስልኩን ዘጋሁበትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከቅጠሉ ሥር ሳይንሳዊ ስሙን መጻፍ ነበረብኝ፤ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።

ማልቀሱን አለቀስኩ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን የመጣብኝ ሳቅ ነው። ጋሼ ኦጁሉን አስቦ ያልሳቀ ሰው በደንብ አላወቃቸውም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከማንም ይልቅ አውቃቸዋለሁ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በሕይወቴ ትልቁን ውሸት የዋሸሁት እሳቸውን ነው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው፣ ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ይዘው ቀሩ። ቤተ መጻሕፍት ስል ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በመጋቢት ወር ውስጡ ዳቦ ይጋግራል። እሳቸው ግን በዚያ ሙቀት የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ድረስ ቆልፈው ነው የሚውሉት። ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ በበሩ ሲገቡ መጀመሪያ አንገታቸውን፣ ከዚያ ወገባቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ያጥፉና ውስጥ ከደረሱ በኋላ መልሰው ይዘረጉታል። አኙዋ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ግን ከመጽሐፍ ነው። ስለዚህ ጎጃም ተወልጄ ያደግሁትን እኔን፣ ቃል በዋጥኩ ቁጥር እየጠበቁ ያርሙኝ ነበር። ተናድጄ «ጋሼ፣ የእናቴ ቋንቋ እኮ ነው» ስላቸው፣ እናቴ አጠገቤ ብትኖር እሷም ታርመኝ እንደነበር ረጋ ብለው ያስረዱኛል።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። ነገርን ሳያዩ አያምኑም። ተማሪ መጽሐፍ ሳይመልስ ሲቀር «እናቴ ታማብኝ ነው» ካለ፣ «እግዚአብሔር ይማርልህ» ብለው ያሰናብቱታል። ማታውኑ ግን እናትየዋን ሊጠይቁ ጃንጥላቸውን ይዘው ቤቱ ከች ነው። በእውነት ታማ ካገኟት ማንጎ ይዘውላት ሄደዋል፤ አጠገቧ ተቀምጠው ያጫውቷታል። ደህና ካገኟትም ሰላምታ ሰጥተው፣ ስለ ልጇ አንድም ክፉ ሳይናገሩ ይመለሳሉ። በማግስቱ መጽሐፉ ይመለሳል። የከተማው እናቶች ግማሾቹ እሳቸውን የሚያውቋቸው በዚህ ነው።

ስለ ላቲኑ ልንገራችሁ። በወጣትነታቸው ሩቅ አገር፣ የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛ ገብተው ነበር። እዚያ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቄስ ስድስት ዓመት ላቲን አስተማራቸው። ቅስናውን ሳይቀበሉ እናታቸው ታመው ተጠሩ፤ እናታቸው ሲድኑ ደግሞ ለመመለስ አፈሩ። እዚሁ ቀሩ። ዘመዶቻቸው «ጀምሮ የማይጨርስ» አሏቸው፤ ላቲኑ ግን ከራሳቸው አልወጣ አለ።

እኔ ባዮሎጂ ለማስተማር ወደ ጋምቤላ የመጣሁ ሰሞን፣ ሰሌዳው ላይ የማንጎን ሳይንሳዊ ስም «ማንጊፌራ ኢንዲካ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው መጽሐፍ ታቅፈው በመስኮቱ ሲያልፉ አዩት። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ደጅ ቆመው ጠበቁኝና ትርጉሙን አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር፤ አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ጸሎት ስደግመው የኖርኩ ስም ነው። «ማንጎ ተሸካሚው ሕንዳዊ» ብለው ተረጎሙልኝና ግቢው መሐል የቆመውን ዛፍ አሳዩኝ። አያታቸው ሥሩ ተጫውተው እንዳደጉ፣ ፓስፖርቱን ግን እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዓሣውንም የዛፉንም የወባ ትንኟንም ስም እየተረጎሙ ያስተምሩኝ ጀመር። እኔም ለተማሪዎቼ አስተላልፋለሁ። በጋምቤላ ምድር የላቲን ሥራ ይህ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ይህንኑ እየሠራን ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስድስት ዓመት ተማርኩት፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ይህን በላቲን ጻፍልኝ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። አፋቸው ፈገግ ብሏል። ዓይናቸውን ሳይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ስለዚህ ጡረታቸው ደርሶ የሽኝት ኮሚቴ ሲቋቋም፣ እጄን አውጥቼ አላወረድኩም። ያ ሰው የተማረው ሁሉ ለከንቱ እንደነበር እያሰበ ጡረታውን ሊያሳልፍ ወዳሰበበት ወደ ጎግ እንዲሄድ አልፈልግም ነበር። ያ ብቻ ነበር ጭንቀቴ። አቶ መኮንን የሚባለው ዳይሬክተራችን ጥሩ ሰው ነው፤ ንግግር ከመውደዱ በቀር ነውር የለበትም። መጀመሪያ ጋቢ እንስጣቸው አለ። በጋምቤላ ሙቀት ጋቢ! ተከራክረን፣ ተከራክረን፣ ከዘራ ላይ ተስማማን። ገበያው ጫፍ ሱቅ ያለው ሸምሱ፣ የኳስ ዋንጫ ሁሉ ላይ የአሸናፊ ስም የሚቀርጸው ሰው፣ ጥቁር የእንጨት ከዘራ አለኝ፤ አንገቱ ላይ የነሐስ ቀለበት አስሬ የፈለጋችሁትን እቀርጽበታለሁ አለን። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ግን ከሃያ ፊደል እንዳያልፍ አስጠነቀቀን።

አቶ መኮንን ወዲያው «የዕውቀት ብርሃን» ይባል አለ። እኔ ደግሞ በላቲን ይሁን አልኩ። አላቅማማም፤ ስልኩን አወጣና ጻፈበት፤ ስልኩም በቅጽበት የሆነ ነገር መለሰለት። ትክክል መሆኑን ማን ያውቃል ብዬ ጠየቅኩ። በመላው ከተማ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከዘራውን የሚቀበለው ራሱ ነው። ስህተት ካለበት ገና ሲነኩት ያዩታል። ስጦታ ስለሆነ ደግሞ በጨዋነት አያርሙንም፤ በስህተታችን ላይ ተደግፈው ዕድሜ ልካቸውን ይሄዳሉ። ይህን ሳስበው አላስቀምጥ አለኝ። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ራሳቸው ለራሳቸው እንዲተረጉሙት፣ ግን እንዳያውቁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? በዚህ ተማምኜ ሥራውን ለእኔ ተዉት አልኩ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣልኝ ሰው አላወቀኝም። እንዴት እንደምዋሽ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ሳላስብ እየሮጥኩ ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁና፣ ላቲን የሚፈልግ ሰው መጣልዎ፣ ለሽልማት የሚቀረጽ «የዕውቀት ብርሃን» የሚል ጽሑፍ ነው አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። አደረጉት። መልሰው አወለቁት። ለማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነው ዝግጅት እንደሌለኝ የታወቀኝ። አፌ እንዳመጣልኝ፣ ኢታንግ ላሉ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነው አልኩ። ድሬሰር የሚባለው ነርስ እንዲህ ሳይበዛ በፊት ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው የጤና ሠራተኛ ነው። ስማቸውን ቢጠይቁኝ ቾል አልኩ፤ ኢታንግ ገበያ መሐል ቆሞ ቾል ብሎ የተጣራ ሰው ብዙ ራስ ያዞራል። ምን ሠርቶ ነው የሚሸለመው ሲሉኝ ግን ጉድ ፈላ። የማውቀው ደግ ሽማግሌ አንድ ነው። ስለዚህ የእሳቸውኑ ታሪክ መድኃኒት መድኃኒት እንዲሸት አድርጌ ተረክሁላቸው። የመጽሐፉን ነገር ክኒን አደረግሁት። እናቶችን መጠየቃቸውን በሽተኛ መጠየቅ አልኩት። ማንጎው ግን ማንጎ ሆኖ አመለጠኝ። እሳቸው አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይሰሙኛል።

መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤታችን ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው የሚለውን ጨመርኩ። ያን ክፉ ሰሞን፣ ከተማው ሲታመስና ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሲሄድ፣ እሳቸው አልሄዱም፤ በራቸውን ዘግተው አያውቁም አልኩ።

እጃቸው ከአገጫቸው ወረደ።

«አልሄደም?» አሉኝ።

«አልሄዱም።»

«አይተሻል?»

ያኔ ጋምቤላን ረግጫት እንደማላውቅ፣ ግን ሰው ሁሉ እንደሚለው ነገርኳቸው። «ሰው ሁሉ» ብለው ደገሙልኝ። ከዚያ «የዕውቀት ብርሃን» የሚለውን እንደማይተረጉሙት አስታወቁኝ፤ በዚህ ከተማ መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እያወቅሽ ሰውን ብርሃን አትበይው አሉ። ለሰውየው የሚገባውን ቃል ራሳቸው ይፈልጉለታል። ግን ሳያዩት አይሆንም። «ብረት ላይ የሚቀመጥ ቃል ነው። ነገ ኢታንግ ሄጄ አየዋለሁ» አሉና ጃንጥላቸውን ከግድግዳው አውርደው መፈተሽ ጀመሩ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። ነገርን ሳያይ ለማያምን ሰው የሐሰት አድራሻ የሰጠሁት እኔ፣ በመላው ክልል አንደኛ ሞኝ ነኝ። አቶ መኮንን ጋ ሮጬ ብነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀና «የፈጠርሽውን ድሬሰር አንቺው ውለጂው» ብሎ ሸኘኝ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ጋሼ ኦጁሉ ቀድመውኛል። የኢታንግ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ጉልበታቸውን አጣጥፈው መጽሐፍ ያነባሉ። ደግነቱ ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ ሦስት ሰው ብቻ ነው የተሳፈረው። ነጠላዬን ዓይኔ ብቻ እስኪቀር ተከናንቤ ሞተር ተከራየሁ። ፍጠን፣ ፍጠን እያልኩ የሞተረኛውን ጀርባ ስደበድበው፣ ሰርቄ እየሸሸሁ ከሆነ በግልጽ እንድነግረው ጠየቀኝ። አቧራው፣ ጉድጓዱ፣ መንገድ የሚያቋርጠው ከብት! ልቤ በአፌ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። ፍርሃት ነው ብዬ አልዋሽም፤ እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ኢታንግ ጤና ጣቢያ ስገባ ያገኘኋት ነርስ ነገሩን ሰምታ ወንበር ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ሽማግሌ ድሬሰር የሚባል የለም። ያሉት ሁሉ ትናንት ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው። ሽማግሌ የሚባል ሰው ጥበቃው ብቻ ነው፤ ኮንግ የሚባሉ ኑዌር አዛውንት፤ ግንባራቸው ላይ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ የተበጡት መስመር አሁንም በጉልህ የሚታይ። ለአንድ ሰዓት ቾል የሚባል ድሬሰር እንዲሆኑልኝ እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔ መርፌ አላውቅ። በር ነው የማውቅ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «አንተ ለምን ትዋሻለህ?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳቸው አማርኛ ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው፤ ጥያቄው ግን ቀጥ ብሎ ገባኝ። ስለምወዳቸው ነው አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ነርሷ ነጭ ጋወን አለበሰቻቸው። እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀረ። እኔ መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ በመስኮቱ ሽንቁር ማየት ጀመርኩ።

ጋሼ ኦጁሉ ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡ። በኑዌርኛ ሰላምታ ሰጡ። ዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ማውራት ጀመሩ፤ እኔ አንዲት ቃል አይገባኝም። መጀመሪያ ኮንግ ጀርባቸውን ቀና አድርገው እንደ ሹም ተቀምጠው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ጋወኑ ሞቃቸውና አውልቀው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት፤ በቃ አለቀልኝ አልኩ። ጋሼ ኦጁሉ ግን ጋወኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። የሆነ ነገር ረጅም አድርገው ይናገራሉ፤ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፤ አንድ ጊዜ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ ከደኑ። ኮንግ በአጭሩ መለሱላቸው። ከዚያ ሁለቱም መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ሲለያዩ እጅ ለእጅ የተያያዙት፣ ለመተዋወቅ የመጡ ሰዎች ከሚያያዙት በላይ ነው።

ሚኒባሱ እንደወጣ ከመጋዘኑ ዘልዬ ወጣሁና ምን አሉዎት ብዬ ኮንግን ያዝኳቸው። ጥያቄ ጠየቀ፣ እኔም መለስኩ አሉ። ምን ጥያቄ? «የሱ ጥያቄ ነው። ያንተ አይደለም» ብለውኝ በራቸው ላይ ሄደው ቆሙ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ኦጁሉ መምህራን ክፍል ድረስ መጥተው የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላገኙ ዓይናቸው ይናገራል፤ ፊታቸው ግን የፈተና ውጤት ያየ ተማሪ ፊት ነው። ወረቀቱ ላይ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው ሁለት ቃል ብቻ ሰፍሯል። አነበቡልኝ፦ «ኖቢስኩም ማንሲት»። ከእኛ ጋር ቆየ ማለት ነው። ሰውየውን አይቼዋለሁ፣ ይህ ይበቃዋል አሉኝ። አንድ የሚያምር የምስጋና ቃል እንኳ አይጨመርበትም ወይ ብዬ ብለምን፣ ማማሩን ለዳይሬክተሩ ንግግር ተዪለት ብለው ሄዱ።

ወረቀቱን ይዤ ሸምሱ ጋ በረርኩ። ሸምሱ ፊደሎቹን ቆጠረና አሥራ አራት ብቻ በመሆናቸው አላህን አመሰገነ። ትርጉሙን ስነግረው ደግሞ መሣሪያውን አስቀምጦ፣ እሱ ራሱ ያን ክፉ ሰሞን ሱቁን ዘግቶ ወደ ጅማ ከሄዱት አንዱ እንደነበር፣ ሲመለስ ከተማው ውስጥ ክፍት ያገኘው የመጀመሪያው በር የጋሼ ኦጁሉ ቤተ መጻሕፍት እንደነበር አጫወተኝ። በሌላ ፊደል እንደማይቀርጸው፣ የራሳቸውን እጅ ጽሕፈት እንደሚከተል ነገረኝ። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። አንድም ጊዜ እጁ አልሳተም።

አንድ ጥፋት ግን አጠፋሁ። ቃሉ መቀየሩን ለአቶ መኮንን አልነገርኩትም። ፕሮግራሙ ታትሟል፤ ንግግሩም ከዳር እስከ ዳር ስለ ብርሃን ነው። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ፈርቼ ቀረሁ።

ዓርብ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ከወረዳ የመጣው እንግዳ፣ ከሁሉም በላይ እናቶቹ! ያ ሁሉ ሲጠየቁ የኖሩት እናቶች የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ሞልተዋል። አቶ መኮንን ከዘራውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ አንገቱ ላይ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ «የዕውቀት ብርሃን» ማለት መሆኑን ለሕዝቡ አበሰረ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያስነሳ ደረሰ። እኔ ወንበሬ ሥር ብገባ በወደድኩ። ጋሼ ኦጁሉ ከዘራውን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቀለበቱን በጥፍራቸው እየተከተሉ አነበቡት። የሰውን ስህተት ሳያርሙ አልፈው የማያውቁ ሰው ናቸውና ማይክሮፎኑን ጠየቁ።

ዳይሬክተሩን ይቅርታ ጠይቀው፣ እዚህ ላይ ብርሃን የሚል ቃል እንደሌለ ተናገሩ። የተጻፈው «ከእኛ ጋር ቆየ» የሚል ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። መምህርት ትዕግሥት ስለ አንድ ድሬሰር ስትነግረኝ ገና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማንነቱን አውቄዋለሁ ሲሉ ሳቁ ፈነዳ፤ እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ሁላችሁም ኦጁሉ አልሄደም ትላላችሁ። ሄጃለሁ። ማንም አላየኝም፤ ሁለት ቀን ነው። ልብሴን ቋጥሬ ኢታንግ ደረስኩ። እዚያ አድሬ ጠዋት ወደ ፊት ልቀጥል ስል እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ አገኘሁ። በእግሬ ተመለስኩ። ስመለስ አልሄደም ተባለልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ስንት ዓመት ዝም አልኩ።»

ከወረዳ የመጣው እንግዳ እንኳ ስልኩን አስቀምጧል።

«ባለፈው ሳምንት ኢታንግ ሄጄ አንድ የበር ጠባቂ ሽማግሌ ጠየቅሁ። ሄዶ የተመለሰ ሰው ቆየ ይባላል ወይ? አልኩት። በሩን መልሶ የከፈተው ማን ነው? አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? አለኝ። ብርሃን በሚለው አልምልም። በዚህኛው ግን እምላለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት።»

ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማጨብጨብ ያነሰ መሰለን። አቶ መኮንን፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ያን ሁሉ ንግግሩን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና «ጋሼ፣ እባክዎ ደግመው ያንብቡልን» አላቸው።

ተነሡ። ከዘራውን ተመርኩዘው «ኖቢስኩም ማንሲት» አሉ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች፣ መምህር አንድ ቃል ሲል መድገም ልማዳቸው ነውና፣ ደገሙት። ከዚያ መምህራኑ ደገሙ። ከዚያ እናቶቹ፣ አኙዋዎቹም ኑዌሮቹም ደገኞቹም፣ እያንዳንዳቸው በየአፋቸው አዙረው፣ እየሳቁና እያለቀሱ ደገሙት። ጋሼ ኦጁሉ ማንንም አላረሙም። አፋቸውን ከፍተው ቆመው ያዳምጣሉ። ሽማግሌው ቄስ ካስተማሯቸው ወዲህ፣ በዚያ ቋንቋ ተናግረው ሰው ሲመልስላቸው የሰሙት የዚያን ቀን ነው።